በአባቷ ስም የሚጠራው ሰው

ታሪኩን ከመነሻው የያዛችሁት ትንሽ ታገሡን፤ ዛሬ የመጣችሁት ደግሞ ጠጋ ጠጋ በሉ፣ ነገሩ ቶሎ ይገባችኋል። አንዲት ልብስ ሰፊና አንድ መስታወት ቆራጭ አሉ። ይዋደዳሉ። በሰው አገር፣ በአንድ ቤት ውስጥ፣ አንዱ የሌላውን ካልሲ እያጠበ ይኖራሉ። በሕግ ግን እህትና ወንድም ናቸው። ሕጉን እንዲህ ያስባሉት ደግሞ ራሳቸው ናቸው፤ የሚያናድደውም እሱ ነው።

ድንበሩን ተሻግረው መመዝገቢያው ድንኳን የደረሱ ዕለት ሰልፉ ለየብቻ ነበር። ቤተሰብ በአንድ በኩል፣ ብቻውን የመጣ ወንድ በሌላ በኩል፣ ብቻዋን የመጣች ሴት ደግሞ ወዲያ ማዶ። የጋብቻ ወረቀት ያልያዘ ሰው «ባልና ሚስት ነን» ቢል የሚሰማው የለም። ወንዶቹን የሚጭነው መኪና ሞተሩን አስነሥቶ ቆሟል። መዝጋቢው ቀና እንኳ ሳይል «ምንሽ ነው?» አላት። ልጅቷ አፏ ላይ የመጣላትን አለች።

«ወንድሜ።»

«ስሙ ከነአባቱ?»

እህትና ወንድም የሚጠሩት በአንድ አባት ስም ነው። ልጁ ለአፍታም አላመነታ። የራሱን ስም ተናግሮ ከኋላው የእሷን አባት ስም ቀጠለበት፤ የገዛ አባቱን ስም እዚያው ድንኳኑ ደጃፍ ላይ ጥሎት ገባ። ለጊዜው ነው፣ ኋላ እናስተካክለዋለን ተባባሉ። ኋላ ግን ሰው ሲጠይቁ፣ መጀመሪያ የሰጡት ቃል ውሸት ሆኖ ከተገኘ መኖሪያ ፈቃዱም አብሮ ሊሄድ እንደሚችል ሰሙ። አፋቸውን ዘግተው ተቀመጡ።

ነገሩን የሚያከፋው ሌላም አለ። አባቷ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ የአንድ ትልቅ ትምህርት ቤት ርዕሰ መምህር ነበሩ። የእሱ አባት የዚያው ትምህርት ቤት ዘበኛ። የልጆቹ ነገር ጆሯቸው የገባ ዕለት ርዕሰ መምህሩ ልጁን ቢሯቸው አስጠርተው፣ ቁጭ በል እንኳ ሳይሉት፣ «የዘበኛ ልጅ የኔን ልጅ ስም በአፉ እንዳይጠራ» ብለው ነው ያባረሩት። ይኸው ዛሬ በየክሊኒኩ፣ በየባንኩ፣ በየመሥሪያ ቤቱ በእሳቸው ስም እየተጠራ «አቤት» ይላል። የትምህርት ቤቱን በር ሲከፍቱና ሲዘጉ ዕድሜያቸውን የጨረሱት አባቱ የትም የሉም። እሳቸውም ሞተዋል፤ ልጃቸው የማን ልጅ እየተባለ እንደሚኖር ሳያውቁ።

የተደበቀ ፍቅር ይግላል የሚሉ ሰዎች ከአከራይ በላይ ኖረው አያውቁም። ሁለቱ የተከራዩት ላይኛውን ፎቅ ነው፤ ከሥር የቤቱ ባለቤት እትዬ አሉ። ደግ ሴት ናቸው፤ ጆሯቸው ግን ከደግነታቸውም ይበልጣል። በመጀመሪያው ሰሞን ሹክሹክታም፣ ጨዋታም፣ ትራስ አፍ ላይ ይዞ መሳቅም ነበር። ኋላ ሹክሹክታው ሰለቸ። ሰው ፊት «ወንድሜ» ስትለው ታፍር የነበረችው ልጅ ቃሉን እንደ ሰላምታ ለመደችው። ሳሙና ማን ጨረሰ፣ መብራት ማን ሳያጠፋ ወጣ እያሉ ይጨቃጨቃሉ። እሱ በአንዱ ክፍል፣ እሷ በሌላው ክፍል ይተኛሉ፤ የመካከሉ በር ከተዘጋ ቆይቷል። ማን እንደዘጋው አንዳቸውም አያስታውሱም። የመደንዘዝ ክፋቱ ይኸው ነው፤ መቼ እንደጀመረ አይታወቅም።

በዚህ መካከል እናቷ ታመሙ። እሳቸው በሌላ አገር፣ አክስቷ ዘንድ ናቸው። ልባቸው ደክሟል። ሐኪሙ ለአክስቷ «ልጅ ካላቸው ትምጣ» ብሏታል። ሐኪም እንዲህ ሲል ምን ማለቱ እንደሆነ ሁላችንም እናውቃለን። ለመሄድ ደግሞ የጉዞ ሰነድ ያስፈልጋል፤ ስደተኛ በፓስፖርት ፋንታ የሚይዘው ማለት ነው። ሁለቱ የተመዘገቡት በአንድ ፋይል ስለሆነ፣ ለአንዷ ሰነድ የሚሰጠው አብረው ቀርበው አንዱ ስለሌላው ቃል ሲሰጥ ነው። ቀጠሮው ለሐሙስ ሆነ።

ማክሰኞ ሾፌሩ መጣ።

ሾፌሩ የከተማ አውቶቡስ ይነዳል። የአገሩ ዜጋ ነው፣ ሚስቱ ሞታበታለች፣ ጠባዩን የሚነቅፍ አልተገኘም። ልጅቷ ወደምትሠራበት ልብስ ንጽሕና ቤት የደንብ ልብስ ሱሪውን ይዞ ይመላለሳል። «ቁልፉ ተነቀለ» ይላል። ቁልፍ ሲነቀልና በምላጭ ሲቆረጥ የክሩ ጫፍ እንደማይመሳሰል ልብስ ሰፊ የማታውቅ መስሎት! እሷም ምንም ሳትል ትተክልለታለች። አሠሪዋ ናት «ከነሱ ልጅ ፈልገህ ከሆነ ወንድሟን ጠይቅ፤ እንደዛ ነው ወጋቸው» ብላ የላከችው። ሰውዬው ልብሱን አስተኩሶ፣ አንድ ከረጢት ብርቱካን ይዞ መጥቶ መስታወት ቆራጩ ፊት ተቀመጠ።

«ዙሪያ ጥምጥም አላውቅም» አለ ሾፌሩ፣ ቆቡን ጉልበቱ ላይ አድርጎ። «እህትህን ወድጃታለሁ። በሕግ ነው የምፈልጋት፣ በወግ በማዕረግ። ካገባችኝ ፓስፖርት ታወጣለች፤ እናቷንም በፈለገች ጊዜ ሄዳ ታያለች። አባት ስለሌላት የምጠይቀው አንተን ነው። ምን ትለኛለህ?»

ልጅቷ ወጥ ቤት ብርጭቆ ታጥብ ነበር። ቧንቧውን ዘጋችና ጆሮዋን ጣለች። በበሩ ክፍተት የሚታያት የልጁ እጅ ብቻ ነው፤ መስታወት በየጊዜው የሚቆርጠው፣ ፕላስተር የማይለየው ያ እጅ። አውራ ጣቱ ላይ ያለውን ፕላስተር ቀስ እያለ ይልጣል። እምቢ እንደሚል መቼም ታውቃለች። ታጭታለች ይል ይሆናል። ገና ናት ይል ይሆናል። ቢቸግረው ሊቆጣም ይችላል።

«እሷ ካለች» አለ በመጨረሻ፣ «እኔ አልከለክልም።»

ክው አለች። ልቦለድ ቢሆን ብርጭቆው ከእጇ ይወድቅ ነበር። እሷ ግን አለቅልቃ ደፋችው፣ ሁለተኛውን አነሣች።

እውነቱን ለናንተ ልንገራችሁ፤ እሷ አላወቀችም እንጂ እሱ ከመንገዷ ዞር ያለላት መስሎት ነው። ከሱ ጋር እስካለች ድረስ እህቱ ናት፤ አታገባውም፣ አትወልድለትም፣ ስሙም ስሙ አይደለም። ከሾፌሩ ጋር ከሆነች ሰው ትሆናለች፤ እናቷንም ታገኛለች። ይህን ለራሱ ብቻ አሰበው። አፍ አውጥቶ ቢነግራት ኖሮ እኛም ዛሬ የምንጽፈው ባላገኘን ነበር።

ሾፌሩ ደስ ብሎት ከሄደ በኋላ ሁለቱ ገበታው ዙሪያ ተቀመጡ።

«ብርቱካን አምጥቷል» አላት።

«አየሁት።»

«ጥሩ ሰው ነው።»

«ነው።»

እሷ አንድ ቃል ጠበቀች። እሱም አንድ ቃል ጠበቀ። አንዱን ብርቱካን ላጠችና ገምሳ ግማሹን ሰጠችው። በሉ። ይጣፍጥ ይኮምጥ ሁለቱም ልብ አላሉም። ስትተኛ ማልቀስ እንዳለባት አሰበች፤ ዕንባው ግን አልመጣም፣ ደረቷ ላይ የነበረው ባዶነት ብቻ ነበር።

ወሬው ግን ከሷ ቀድሞ ነበር። በማግስቱ እትዬ ደረጃው ሥር ጠብቀው እቅፍ አደረጓት።

«እሰይ የኔ ልጅ! ወንድምሽ ግን ሰው ነው፣ ሰው! ስንቱ ወንድም ነው እህቱን እንዲህ በሰላም የሚለቅ? የኔ ወንድም ባሌን ፍዳውን ሊያሳየው ነበር!»

«እግዜር ይስጥልኝ፣ እትዬ» አለች። ፈገግ ማለቷን ራሷም ታዘበችው። ያን ቀን የሰው ኮት እጅጌ ገልብጣ ሰፍታ ስትፈታው ዋለች።

ሐሙስ ጠዋት የስደተኞች ጉዳይ መሥሪያ ቤት አዳራሽ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። ወንበሮቹ እርስ በርሳቸው በብረት የታሰሩ ናቸው፤ ዳር ላይ አንዱ ሲነቀንቅ መላው ረድፍ ይነቃነቃል። ሕፃን ያለቅሳል፣ የተራ ጥሪ ይሰማል። እሱ የታጠበ ሸሚዙን ለብሷል። ትላንት እሷ ናት የተኮሰችው።

«አንድ ነገር ልጠይቅህ?» አለችው ወደ ፊት እያየች።

«ጠይቂ።»

«ሰለቸሁህ?»

ዞር ብሎ አያት። ዓይኖቹ ውስጥ የሆነ ነገር ፈለገች፤ ድካም ብቻ ነው ያገኘችው።

«እናትሽን ሄደሽ እያቸው» አለ። «ሌላው ሌላ ጊዜ ይደርሳል። ዛሬ አንድ ጊዜ ብቻ ወንድምሽ ልሁንና ነገሩ ይለቅ። ሾፌሩም ያለው ነገር ውሸት የለበትም።»

«ለሱ ስጠኝ ብዬህ ነበር?»

«ታዲያ ወንድም ምን ሊሠራ ነው?» አለና ሊስቅ ሞከረ። ሳቁ ግን አፉ ላይ ቀረ። ስማቸው ተጠራ፤ ሁለቱም በአባቷ ስም።

መስኮቱ ላይ ያለችው ፀሐፊ ጉንፋን ይዟታል። አንገቷን በሻርፕ ጠምጥማ፣ ሶፍት እያወጣች አፍንጫዋን ትጠርጋለች። ጨካኝ አትመስልም፤ የደከማት ሴት ናት።

«ቀረብ በሉ» አለች። «የሚስተካከል ነገር ካለ ጊዜው አሁን ነው። ከፈረማችሁ በኋላ ብትመጡ አላውቃችሁም። አንተ ንገረኝ፣ ይህች ሴት ምንህ ናት?»

«እህቴ ናት» አለ።

እንዴት እንዳለው! በፊት በፊት እህቴ ሲል ጆሮው እንደ በርበሬ ይቀላ ነበር፤ እሷም ጆሮውን እያየች ሳቋን ታፍን ነበር። አሁን ጆሮውን አየችው። እንደነበረ ነው። ድምፁም አልተንቀጠቀጠም፤ ሰው አውቶቡስ ላይ የሚወርድበትን ፌርማታ እንደሚናገር ነው የተናገረው። እየዋሸ አልነበረም። በቃ እህቱ ሆናለች። ከማክሰኞ ጀምሮ ምንም ያልተሰማት ልጅ ያኔ ፍርሃት ተሰማት።

«አንቺስ?» አለች ፀሐፊዋ ብዕሯን እንዳነሣች። «ምንሽ ነው?»

«ወንድሜ አይደለም።»

ብዕሩ ቆመ። ፀሐፊዋ ግራና ቀኝ አየች፤ ከጎኗ ያለው ባልደረባዋ ስልክ ይዟል። ሶፍቷን አውጥታ አፍንጫዋን ረጋ ብላ ጠረገች። ከዚያ ዓይኗን ከልጅቷ ዓይን ሳትነቅል ድምፅዋን ዝቅ አደረገች።

«ጉንፋኑ ጆሮዬን ደፍኖታል። ያልሽውን አልሰማሁም። እንደገና እጠይቅሻለሁ፤ ስትመልሺ አስበሽ መልሺ። ይህ ሰው ምንሽ ነው?»

የምታደርግላት ምሕረት ነበር፤ ሁለቱም ገብቷቸዋል። መስታወት ቆራጩ ክርኗን ያዘ።

«በይ እንጂ» አላት በሹክሹክታ። «እናትሽን አስቢ። በናትሽ።»

«ወንድሜ አይደለም!» አለች። አዳራሹ ዞሮ አያት። «የኔ አባት አባቱ አይደለም። የራሱ አባት አለው። የኔን ስም አሸክሜው ነው የኖረው። ምንሽ ነው ካልሽኝ ባሌ ነው እንዳልልሽ አልተጋባንም፣ አልቻልንም። የምወደው ሰው ነው። ከልጅነቴ ጀምሮ የምወደው። ለዚህ የምትጽፊው ቃል ካለሽ እሱን ጻፊው!»

ፀሐፊዋ ብዕሯን አስቀመጠች።

«ምን እንደምታጪ ገብቶሻል?»

«እናቴን» አለች ልጅቷ።

ከዚያ በኋላ የተባለው ሁሉ ከሩቅ የሚሰማ ሬዲዮ መሰላት። የጉዞ ሰነዱ ይቆማል። መርማሪዎች ለየብቻ ይጠሯቸዋል። መቼ እንደሆነ ፀሐፊዋም አታውቅም፤ ይቀጧቸው ይሆናል፣ ይተዉት ይሆናል፤ እስከዚያ ከከተማ መውጣት የለም። ፀሐፊዋ ፋይሉን ዘጋች። «አይዞሽ» አለች በመጨረሻ፣ ማንም እንዳይሰማት ተጠንቅቃ፣ ቀጣዩንም ሰው ጠራች።

ደጅ፣ መሥሪያ ቤቱ ደረጃ ላይ፣ ፈነዳ።

«ምን አደረግሽ? አንቺ! ምን አደረግሽ?» ይህን ያህል ሲጮህ መቼ ሰምታው እንደምታውቅ ጠፋባት። «አንድ ቃል እኮ ነው የቀረሽ! ሴትዮዋ እንኳ ለመነችሽ! እናትሽ እየሞቱ ነው፣ ገብቶሻል?»

«ገብቶኛል።»

«ታዲያ ለምን?»

«እህቴ ስትል አምነኸው ነው ያልከው» አለች። «አየሁህ። እዚያ ቆሜ ሳይህ አመንከው። እናቴን አይቼ ስመለስ ማን ሊቀበለኝ ነው? ወንድሜ? ወንድም መቼ ጠየቅኩ እኔ?»

ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። ሰዎች በግራና በቀኝ እያለፉት ይወጣሉ፣ ይወርዳሉ።

«ደንዝዣለሁ» አለ ቆይቶ። «ሾፌሩ ሲጠይቀኝ እንዲያመኝ ጠበቅሁ። ምንም። ሥራ ቦታ መስታወት ሲቆርጠኝ ታውቂ የለ፣ መጀመሪያ አይሰማም፤ ደሙን ሳይ ነው የተቆረጥኩ የማውቀው። እንደሱ ነው የሆነብኝ። ያንን ብርቱካን ገምሰሽ ስትሰጪኝ ነው ደሙን ያየሁት። እንድትቀሪ ፈለግሁ። እንድትሄጂም ፈለግሁ። አፌን ብከፍት የቱ እንደሚወጣ ፈራሁ።»

ከጎኑ ተቀመጠች። ልታቅፈው አልቻለችም። ገና የሚደወልለት ሰው አለ።

ስልኩን አክስቷ አነሣች። «ሰጡሽ?» አለች፤ መልስ ሳትጠብቅም ለእናቷ አቀበለቻቸው። የእናቷ ትንፋሽ ከቃላቸው ቀድሞ ይሰማል።

«ወረቀቱ ወጣልሽ፣ የኔ ልጅ?»

«አልወጣም፣ እማዬ።»

ነገረቻቸው። ድንኳኑን፣ ሰልፉን፣ የአባቷን ስም፣ ዛሬ መስኮቱ ላይ ያለችውን፣ አንዱንም ሳታስቀር። ልጁ አብሯት እንዳለ እናቷ ያውቃሉ፤ አንሥተውት ግን አያውቁም፣ እሷም አንሥታው አታውቅም።

«የአባትሽን ስም ይዞ ነው የኖረው?» አሉ እናቷ።

«አዎ።»

«አባትሽ ያን ሁሉ ከተናገሩት በኋላ?»

«አዎ፣ እማዬ።»

መስመሩ የተቋረጠ መስሏት ስልኩን ከጆሮዋ አንሥታ አየችው። አልተቋረጠም።

«የልጁ አባት ማን ነበር ስማቸው?» አሉ እናቷ። «ያን በር ስንት ዘመን ከፍተውልኝ ገብቻለሁ። ሲዘንብ ጃንጥላ ይዘው መኪና ድረስ ይሸኙኝ ነበር። ዘበኛው፣ ዘበኛው ስንል ኖርን። ስምዎ ማነው ብዬ አንድ ቀን ጠይቄያቸው አላውቅም። በይ ልጁን አቅርቢልኝ። ከአፉ ልስማው።»

ስልኩን ሰጠችው። ማን እንደሆኑ ሲገባው ከደረጃው ላይ ብድግ አለ፤ ሸሚዙን አስተካከለ፤ እሳቸው የሚያዩት ይመስል። የራሱን ስም ተናገረ። ከዚያ የአባቱን ስም ሊናገር ሲል ድምፁ እምቢ አለው። ጉሮሮውን ጠረገ፣ ደግሞ ሞከረ፣ ሁለተኛውም አልወጣለትም። በሦስተኛው ወጣ።

እናቷ ከዚያ ማዶ ስሙን ደግመው ጠሩት። ቀስ ብለው፣ ሙሉውን፣ «አቶ» ብለው ጀምረው። ከዚያ ሌላ ነገር አሉት፤ ልጅቷ አልሰማችውም። «እሺ» ሲል ብቻ ሰማች። «እሺ እማማ። እሺ። ይጠብቁን ብቻ።»

ስልኩን ሲመልስላት ፊቱ በዕንባ ርሷል።

«ምን አሉህ?»

«ሁለታችሁንም እጠብቃችኋለሁ አሉኝ።» አፉን በእጁ ያዘ። «ከቻልኩ አሉኝ።»

ያኔ ነው የመጣባት። እናቷን ምናልባት ከእንግዲህ እንደማታያቸው መስኮቱ ላይ ስትናገር አፏ ያውቀው ነበር እንጂ ሰውነቷ አልሰማም ነበር፤ አሁን ሰማ። ሆዷን ይዛ አጎነበሰች። እሱ ጎንበስ ብሎ እጇን ያዘ፣ ሰው በሚተራመስበት ደረጃ ላይ፣ በጠራራ ፀሐይ። ሰው ያየናል ብላ እጇን አልነጠቀችውም።

«አመመሽ?» አላት።

«በጣም።»

እሱንም አሞት ነበር። ፕላስተር የማይለየውን እጁን አጥብቃ ያዘችው።